ዳገት ላይ ሠልጥነን ሜዳ ላይ ብቻ ለምን እንወዳደራለን?

የኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪዎች፣ አሠልጣኞች፣ ወላጆች፣ እዚያ ከኋላ ቱታችሁን እንደለበሳችሁ የተቀመጣችሁ ልጆች፤ ዛሬ ከሰዓት ኳስ እንዳለ አውቃለሁ። እሱን ትታችሁ ስለ ዳገት ሩጫ ለመስማት የመጣችሁትን ላመስግን፤ ባለቤቶቻችሁ ጎትተው ያመጧችሁንም ጭምር።

በቀጥታ ወደ ፓሪስ ልውሰዳችሁ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. የተደረገውን የኦሎምፒክ የወንዶች ማራቶን ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችሁታል። ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ይነሳል፣ ወደ ቬርሳይ ይወጣል፣ ተመልሶ ወደ ከተማው ይወርዳል። ከኦሎምፒክ ማራቶኖች ሁሉ ዳገት የበዛበት ተብሎ ከውድድሩ በፊት ብዙ ተወርቶለት ነበር። በመንገዱ ላይ ያሉት ዳገቶች ቢደመሩ 436 ሜትር ይሆናሉ። ከ28ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ 13.5 በመቶ የሚደርስ አቀበት አለ፤ መቶ ሜትር ወደ ፊት ስትሄድ 13 ሜትር ተኩል ወደ ላይ ትወጣለህ ማለት ነው። ያውም ሁለት ሦስተኛው መንገድ ካለቀ በኋላ፣ እግር ማዳመጥ በተወበት ሰዓት።

ታምራት ቶላ ለዚያ ውድድር ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ስለቀረ በመጨረሻው ሰዓት ገባ። እዚያ ቀጥ ያለ ዳገት አካባቢ ሌሎቹ አንገታቸውን ሲደፉ እሱ ጥሏቸው ሄደ፤ እስከ መጨረሻው የደረሰበት የለም። 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ። ይህ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ነው። ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ የሮጠውን 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ የሰበረ ሰው ይህን ያደረገው ዳገት በበዛበት መንገድ ላይ ነው። በማግስቱ በሴቶቹ ውድድር ትዕግሥት አሰፋ በ3 ሰከንድ ተቀድማ ብር አገኘች። የቀደመቻት ሲፋን ሐሰን ለኔዘርላንድ ብትሮጥም አዳማ የተወለደች ናት።

ሰዎች ያን ዳገት እንደ ጉድ ሲያወሩት እኔ እንጦጦን አሰብኩ። ከፒያሳ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻውን ከ436 ሜትር ያልፋል። የእኛ ሯጮች ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚውሉት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ እንጦጦ፣ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ። ፓሪስ የሰጣቸው ፈተና አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነው በዳገት ላይ መወዳደራቸው ነው። ሕይወታቸውን ሙሉ ዳገት ላይ ይሠለጥናሉ፣ ከዚያ አውሮፕላን ተሳፍረው ሜዳ ላይ ሊወዳደሩ ይሄዳሉ።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ አጭር ነው፤ ገንዘብ። የዛሬው የሩጫ ገበያ የሚገዛው ሰዓት ነው። ሰዓት የሚገኘው ደግሞ በርሊን፣ ቫሌንሲያ፣ ዱባይ ነው፤ ጠረጴዛ የመሰለ አስፋልት ላይ። ትዕግሥት አሰፋ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ ዓለምን ያስደነገጠችው በርሊን ላይ ነው። ቦስተን ዳገት አለው፤ ነገር ግን መነሻው ከመድረሻው ከፍ ስለሚልና ሁለቱ ስለሚራራቁ እዚያ የተሮጠ ሰዓት ለዓለም ክብረ ወሰን አይመዘገብም። ቢሆንም አበበ መኮንን በ1989 እ.ኤ.አ.፣ ፋጡማ ሮባ ከ1997 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ ሌሊሳ ዴሲሳ ደግሞ ሁለት ጊዜ አሸንፈውበታል። ዳገት ያለበት ቦታ ስማችን ይጠራል። ወኪልም ሆነ ሯጭ ገበያውን መከተሉን አልነቅፍም፤ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሰዓት ቢሸጥ መብቱ ነው። የምነቅፈው እኛን ነው፤ ገበያው የማይደርስበትን የሰፈር ውድድር እንኳ ገበያውን አስመስለን መሥራታችንን።

ጎረቤቶቻችን ምን እንዳደረጉ እንይ። የዓለም የተራራ ሩጫ ውድድር ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይካሄዳል፤ የመጀመሪያው ጣሊያን ውስጥ ነበር። ስዊዘርላንድ ከሲየር ወደ ዚናል የሚደረገው 31 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እነዚህ ውድድሮች ለረጅም ጊዜ የአውሮፓ የእረፍት ቀን ጨዋታ ነበሩ። በኋላ ግን ኤርትራውያን፣ ዩጋንዳውያንና ኬንያውያን ገቡባቸውና ቁንጮውን ያዙ። ከእነዚህ አንዱ ቪክቶር ኪፕላንጋት የሚባል የዩጋንዳ ልጅ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ጣሊያን፣ ፕሬማና ላይ የዓለም የተራራ ሩጫ አሸናፊ ሆነ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ቡዳፔስት ላይ የዓለም ሻምፒዮና ማራቶንን አሸነፈ፤ የእኛው ልዑል ገብረሥላሴ ሦስተኛ ወጣ። ልብ በሉ፣ ኪፕላንጋት ከተራራ ወደ ማራቶን ሲመጣ ምንም አልጎደለበትም። ተራራው ደረጃ ሆነው። እኛ ግን ከእሱ ተራራ የማይተናነስ ተራራ ይዘን እንደ ወጥ ቤት ቆጥረነዋል፤ እዚያ ይበሰላል፣ የሚቀርበው ግን ሌላ ቤት ነው።

አሁን ወደ ሰውነታችን ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ዳገት የሚወራው ግማሹ ስሕተት ነው።

አልቤርቶ ሚኔቲ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የተራራ ሯጮችን ወደ ላይና ወደ ታች በሚያጋድል የመሮጫ ማሽን ላይ አስሩጦ፣ የሚስቡትን ኦክስጅን ለክቶ፣ ለአንድ ሜትር ሩጫ ስንት ጉልበት እንደሚወጣ አሰላ። ዳገቱ 45 በመቶ ሲደርስ የሚወጣው ጉልበት ከሜዳው ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ቁልቁለቱ 20 በመቶ ሲሆን ደግሞ የሜዳው ግማሽ ገደማ ይሆናል። ቁልቁለቱ ከዚያ ከበዛ ጉልበቱ እንደገና ይጨምራል፤ ሯጩ ለመሄድ ሳይሆን ራሱን ለመያዝ ስለሚደክም። ስለዚህ ዳገት ላይ የከፈልከውን ቁልቁለት ሙሉውን አይመልስልህም። የዳገት ውድድር አሸናፊ ማን እንደሆነ የሚወሰነው በዚህ ሒሳብ ነው፤ ከመጀመሪያው ጉልበቱን የበተነ ሰው ኋላ የሚበደርበት የለም።

እናቶቻችን «ዳገት ጉልበት ይበላል» ይሉናል። ጉልበት ሲሉ መገጣጠሚያውን ከሆነ፣ የሚበላው ቁልቁለቱ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ የጎትሻልና የክራም ጥናት እንዳሳየው፣ 9 ዲግሪ በሚያጋድል ቁልቁለት ላይ ስንሮጥ እግራችን መሬት ሲመታ የሚቀበለው የመጀመሪያው ምት ከሜዳው በ54 በመቶ ይበልጣል። በዚያው ልክ ዳገት ስንወጣ ግን ያ ምት ጨርሶ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ዳገት ሳንባን ያስጨንቃል፣ ባትና ዳሌን ያቃጥላል፤ ለጉልበት ግን ይራራል። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ መያዝ አለበት፣ ፍሬን ይሆናል። ከዚያ በሁለተኛው ቀን ደረጃ ስትወርዱ የምትጮኹት ለዚህ ነው። ደግነቱ ጡንቻ አንዴ ከተቀጣ ይማራል። ለስላሳ ቁልቁለት አንድ ጊዜ የቀመሰ እግር ለሳምንታት ያህል ከዚያ ሕመም የተጠበቀ ይሆናል። ስለዚህ ልጆች ሲጀምሩ ወደ ላይ በሩጫ፣ ወደ ታች በእግር። ይህን ደጋግሜ የምለው ቁልቁለት ላይ መሽቀዳደም ልጆችን ስለሚያስደስታቸው ነው። ጥርስም ያስወልቃል።

አየሩስ? አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል አንጻር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እንጦጦ አናት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ስንወጣ፣ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ለዚህ ነው አሠልጣኞች እንጦጦ ላይ ፍጥነት የማያሠሩት፤ እዚያ ቀስ ተብሎ ነው የሚሮጠው። በባሕር ዛፉ መሐል በአንድ ፋይል፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ። ማይክል ክሮሊ የሚባል የብሪታንያ አንትሮፖሎጂስት ከእኛ ሯጮች ጋር 15 ወር እየሮጠ ኖሮ በ2020 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። ከገረሙት ነገሮች አንዱ እዚህ ብቻውን የሚሮጥ ሰው በጥሩ ዓይን አለመታየቱ ነው። ለአውሮፓዊ ሩጫ የብቸኝነት ነገር ነው። እዚህ ብቻውን ጫካ የገባን ሯጭ ጓደኞቹ «ምን ሆኖ ነው?» ይሉታል። እኔም እላለሁ።

ዳገት የጀግና ፋብሪካ መሆኑን እኛ ብቻ አይደለንም ያወቅነው። አርተር ሊዲያርድ የሚባል የኒው ዚላንድ አሠልጣኝ ልጆቹን በኦክላንድ አቅራቢያ ያሉ ኮረብታዎች ላይ ረጅም ርቀት እያስሮጠ፣ ዳገት ላይ እያዘለለ፣ ሮም ኦሎምፒክ ወሰዳቸው። ፒተር ስኔልና መሪ ሃልበርግ በአንድ ቀን ወርቅ አመጡ። በዚያው ኦሎምፒክ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው የሞሮኮው ራዲ ነው። ሦስተኛውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ባሪ ማጊ ይባላል፣ የሊዲያርድ ልጅ። ዓለምን ከሁለት ጫፍ ይዘው የመጡ የዳገት ሯጮች የሮም ሜዳ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ከሮም ወደ ሰፈራችን ልመለስ።

ይህ ክፍለ ከተማ ስለ ዳገት ሊያወራ መብት ያለው ነው። ከአየር ጤና ተነስታችሁ በጦር ኃይሎች፣ በ18 ማዞሪያ አድርጋችሁ በቀለበት መንገዱ ወደ ዊንጌት ስትሄዱ መንገዱ ወደ ላይ ነው፤ በታክሲ ስለምንሄድ አናስተውለውም እንጂ በእግሩ የሄደ ያውቀዋል። ከቤቴልና ከዓለም ባንክ ወደ ምዕራብ ቀና ብትሉ ወጨጫ አለላችሁ፤ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሞተ እሳተ ገሞራ ነው። በማዶው የጅማ መንገድ፣ በወዲያኛው የአምቦ መንገድ፣ መሐላቸው እሱ ተጋድሟል። ከኋላው ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ የኖረ ነው ይባላል። ወደ ደቡብ ደግሞ ፉሪ አለ። ፈረንጅ ይህን ለማየት የአውሮፕላን ቲኬት ይገዛል። እኛ ደመና ሲሰበሰብበት «ዝናብ ሊመጣ ነው» ለማለት ብቻ እናየዋለን።

ከሁሉ በፊት በእነዚህ ዳገቶች ላይ ጉልበታቸውን ያሳዩት ሴቶች ናቸው። አጠና ተራ ስሙን ያገኘው ከሚሸጠው አጠና ነው፤ ባሕር ዛፉ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የከተማዋን ዙሪያ ከሸፈነ ወዲህ ቅጠሉንና ጭራሮውን ከእንጦጦ ተራራ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ እናቶች አሉ። በቁልቁለት፣ ጎንበስ ብለው፣ በላስቲክ ጫማ፣ አንዳንዴ የራሳቸውን ክብደት የሚስተካከል ሸክም ይዘው። ቅድም ስለ ጭን ጡንቻና ስለ ፍሬን የነገርኳችሁን አስታውሱ፤ ሳይንቲስቱ በማሽን የለካውን እነሱ በየቀኑ ከፍለውታል። ማንም ሰዓት አልያዘላቸውም። ልጆቻቸው መሐል ሯጭ ቢወጣ አይግረማችሁ፤ ይልቅስ የሚገርመው እነዚያ እናቶች «ስፖርት አልሠራሁም» ማለታቸው ነው።

ሌላም እንግዳ ነበረን። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ማሠልጠኛ ወታደራዊ ትምህርት ተምሯል። ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ካነሳቸው ነገሮች አንዱ ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውኃ ብቻ ተይዞ የተወሰነ ርቀት በተወሰነ ሰዓት የሚጨረስበት ጉዞ ነው። ወዶት ነበር፤ አገሩን፣ ደኑንና ደጋውን ያየውም በዚያ ነው። በዚህ አካባቢ ዳገት ላይ ሰዓት ተይዞለት የተጓዘ ሰው በኋላ የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ስለዚህ ልጅህ ዳገት ልሩጥ ሲልህ «ምን ይጠቅምሃል?» አትበለው።

በቅርብ ዓመታት ግን የዓለም ዜና የኮልፌ ቀራኒዮን ከፍታ ያነሳው ለሌላ ነገር ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። ሰው ተራራ በሠራበት ቦታ የሆነውን እናውቃለን። ሌላ አልጨምርበትም።

እኛም እዚህ ሰፈር በኅዳር የዳገት ውድድር እንድናደርግ ነው የማስበው፤ ዝርዝሩን ከመናገሬ በፊት ስለ ወቅቱ። ለምን ኅዳር?

ክረምት ላይ ኮሮኮንቹ ጭቃ ነው፤ ጫማ ላይ ተጣብቆ አንድ እግር ሁለት ኪሎ ይሆናል። በጋው ከገፋ ደግሞ አቧራው ይነሳል። በመፀው መሐል፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር፣ መሬቱ ደርቆ ጠንክሯል፣ ሣሩ ገና አልተቃጠለም፣ አየሩ ንጹሕ ነው። ብርዱ አለ። ሌሊቱን ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት የሚይዝለት ደመና የለም፤ ጠዋት ላይ ሜዳው ውርጭ ይለብሳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። ለሯጭ ግን ብርዱ ጥሩ ነው፤ ዳገት የሚወጣ ሰውነት ብዙ ሙቀት ያመነጫል፣ ቀዝቃዛ አየር ያንን ይወስድለታል። ጓንትና ኮፍያ አድርጉ፣ ማሟሟቂያውን አስረዝሙ፣ አናት ላይ ስትደርሱ ላብ ያለበት ቲሸርት ይዛችሁ አትቁሙ። ብርድ የሚገባን ስንሮጥ ሳይሆን ቆመን ስናወራ ነው፤ ደግሞ ወሬ እንወዳለን።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው ጅብ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሰርቪስ የሚጠብቁ የክለብ ሯጮች ሁሉ የጅብ ታሪክ አላቸው። በቡድን የሚሮጥን ብዙም አይደፍርም፤ ይህም ብቻችሁን አትሩጡ ላልኩት ሌላ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ጭስ ነው። ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ከተማው በሙሉ ቆሻሻውን ያነዳል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከጨረሰ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው። ልማዱን አልጣላውም፤ ዛሬ ግን የሚነደው ቅጠል ብቻ አይደለም፣ ፌስታልና ጎማ ነው። ዳገት የሚወጣ ሰው ከተቀመጠው ሰው ብዙ እጥፍ አየር ይስባል። በዚያ ቀንና በማግስቱ ጠዋት እረፉ።

ኅዳር የሩጫ ወር የሆነው በእኔ ፍላጎት አይደለም። የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የተካሄደው ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ እንግሊዝ አገር ያየውን የሕዝብ ሩጫ እዚህ ለማምጣት ተነሳ፣ 10 ሺህ ሰው አስወጣ፣ ራሱ ሮጦ አሸነፈ። እስከዚያ ድረስ ሩጫ የአትሌት ሥራ እንጂ የሕዝብ ነገር አልነበረም፤ መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው ሌባ ነው ወይ ሌባ እየተከተለ ነው ይባል ነበር። ዛሬ ያ ውድድር በአስር ሺዎች ቲሸርት ይሸጣል። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ሰው ለመዝናናት ተራራ መውጣት ጀምሯል። ሁለቱንም አወድሳለሁ። ነገር ግን ታላቁ ሩጫ መስቀል አደባባይ ነው፣ እንጦጦም ለኮልፌ ልጅ የታክሲ ሒሳብ ይጠይቃል። እዚህ፣ በራፋችን ላይ፣ ሯጭ ሊሆን የሚችል ልጅ ስሙን አስጠርቶ የሚያሸንፍበት ውድድር የለውም። ክለብ እንዲያየው ሜዳ ላይ መሮጥ አለበት፤ ትራክ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ዳገት ግን አለው።

ስለዚህ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። አንድ የዳገት ውድድር በዓመት አንድ ጊዜ እናድርግ። አጭር ይሁን፤ ለአዋቂ 5 ኪሎ ሜትር፣ ለልጆች ከዚያ ግማሹ። መነሻው ታች፣ መድረሻው ላይ፤ መውረዱ በእግር ነው። መንገዱ ኮሮኮንች ይሁን፣ መኪና አይዘጋበት፣ ፖሊስ አያስቸግር። ሰዓት አንያዝ፤ ዳገት ላይ ሰዓት ዋጋ የለውም፣ ማን ቀደመ ነው የሚባለው። የቡድኑን ነጥብ እንደ አገር አቋራጭ እንቁጠር፤ ከየሰፈሩ የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች የወጡበት ደረጃ ይደመራል፣ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። አጠና ተራ ከቤቴል፣ ዓለም ባንክ ከ18፣ አየር ጤና ከአስኮ። ያን ጊዜ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ብቻውን አያሸንፍም፤ አርባኛ የሚወጣውን ጓደኛውንም ዳገቱ ላይ ቆሞ ይጠራዋል። ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። ይህን ያልኩት ለይስሙላ አይደለም፤ ሴት ልጅ ጠዋት በጨለማ ብቻዋን ጫካ ልትገባ አትችልም፣ የሰፈሩ ቡድን ለማሸነፍ እሷን ከፈለጋት ግን አብሯት ይሮጣል።

ሽልማቱ በግ ይሁን። እዚህ ላይ ቀኑን ማስላት ያስፈልጋል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በግ የሸለምነው ልጅ እናቱ ላይ ጣጣ አመጣን ማለት ነው። ኅዳር 12 ጭስ ነው። ስለዚህ የኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይሻላል፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሱብሒ የሰገደውም ኪዳን ያስደረሰውም ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ። የገበሬው ጤፍ ገና ማሳ ላይ ስለሚሆን መንገዱን ስንመርጥ ከእርሻ እንራቅ። በሰው እህል ላይ የሮጠ ልጅ አንደኛ ቢወጣም አይቆጠርለትም፤ ይህን ሕግ ከአሁኑ ጻፉልኝ።

«ስፖንሰር ማን ነው?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለአንድ በግ፣ ለጥቂት ጄሪካን ውኃና ለአንድ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ስፖንሰር አያስፈልግም፤ እድር ይበቃል። ኖራ በጥብጦ መስመር የሚያሰምር፣ አናት ላይ ቆሞ ቁጥር የሚጽፍ፣ የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበትን አስቀድሞ የሚጠይቅ ነርስ፤ እነዚህ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዳንዶቻችሁን በስም አውቃችኋለሁ፣ እንዳላስጨንቃችሁ አልጠራም።

አሠልጣኞች፣ እናንተን አንድ ነገር ልለምን። ከውድድሩ በፊት ስድስት ሳምንት ስጧቸው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ መቶ ሜትር በማይሞላ ዳገት ላይ ከስድስት እስከ አሥር ጊዜ፤ ወደ ላይ አጭር እርምጃ፣ ክንድ ሥራውን ይሥራ፣ ዓይን ጫማ ላይ ሳይሆን አምስትና ስድስት እርምጃ ወደ ፊት። ሲወርዱ በእግር፣ እስትንፋስ እስኪመለስ። ልጅ ሲደክመው «ጨክን!» ከማለት በፊት ፊቱን እዩት። የዛሬው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሯጭ የሚሆነው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ አሁን ብታቃጥሉት ያኔ አታገኙትም።

ወላጆች፣ ከእናንተ የምፈልገው ጫማ አይደለም። ጠዋት ልጁን ቀስቅሱልኝ፣ ሲመለስ ደግሞ ቁርስ አብሉት።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ደብተር አለ። መሮጥ የምትፈልጉ ስማችሁን፣ ዕድሜያችሁንና ሰፈራችሁን ጻፉ። የማትሮጡ ደግሞ ምን ልትሠሩ እንደምትችሉ ጻፉ፤ ውኃ፣ ኖራ፣ በግ፣ የፈለጋችሁትን። በጉን ለሚጽፍ ሰው አንድ ሙሉ ገጽ ትቼለታለሁ።